የተወለድኩበት አገር አይጠራኝም፤ የወላጆቼ አገር እየጠራኝ ነው

ጥያቄ፦

ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። 17 ዓመቴ ነው፤ ዲሴምበር ላይ 18 እሞላለሁ። በአንድ ፕሮፌሽናል ክለብ ከ19 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ የግራ መስመር ተከላካይ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አሁን በምኖርበት አገር ነው። ዜግነቴም ከልደቴ ጀምሮ የዚህ አገር ነው። አባቴና እናቴ ግን ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። የአገሮቹን ስም ባልጠራ ይሻለኛል፤ የክለቤ ሰዎች ያውቁኛል።

ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ የዚህን አገር ማሊያ መልበስ። 14 ዓመቴ እያለ ለክልል ምርጥ ተመርጬ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አሉኝ። የታዳጊ ብሔራዊ ቡድን ዝርዝር በወጣ ቁጥር ስልኬን ይዤ ቁጭ ነው። ስሜ የለም። በቅርቡ ከእኛ ቡድን ሁለት ልጆች ተጠሩ። አንደኛው በእኔ ቦታ የሚጫወት ነው፤ ክለባችን ውስጥ ተቀያሪ ነው! ቋሚው እኔ ነኝ። አሰልጣኜን ስጠይቀው «እያዩህ ነው፤ ሰውነትህ ትንሽ ይጠንክር» ይለኛል። ዓመቱን ሙሉ መልሱ ይሄው ነው። አንዳንዴ «ስሜ ይሆን እንዴ የሚያስቸግራቸው?» እላለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከወላጆቼ አገር ፌዴሬሽን ነኝ ያለ ሰው በዋትስአፕ ደወለልኝ። ለከ20 ዓመት በታች ቡድን ዝግጅት እንደሚፈልጉኝ ነገረኝ። መጀመሪያ የወዳጅነት ጨዋታ አለ፤ ቀጥሎ የማጣሪያ ጨዋታዎች። «ጎበዝ ከሆንክ ዋናው ቡድን ሩቅ አይደለም» አለኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልመለስኩ ሌላ ልጅ ይጠራሉ።

አባቴ ሲሰማ አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ማታውኑ ለአጎቶቼ በሙሉ ደወለ። እናቴ ግን «ራስህ ወስን» ብላ ዝም አለች። ለአንድ የክለብ ጓደኛዬ ብነግረው «እዚህ ስላልፈለጉህ አይደል እንዴ የምትሄደው?» አለኝ። ሲቀልድ ነው፤ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እውነቱን ይመስለኛል። እምቢ ብዬ ብጠብቅ ላይጠሩኝ ይችላሉ። እሺ ብዬ ብሄድ ደግሞ የዚህ አገር በር ለዘላለም ይዘጋብኛል። የወላጆቼን አገር ፓስፖርት ገና አላወጣሁም፤ ቋንቋውንም በደንብ አልናገርም። አንዳንዴ «እሺ ልበልና አንድ ቀን በእነዚህ ላይ ጎል ላግባባቸው» ብዬ አስባለሁ። ምን ላድርግ?

ግራ የገባው የግራ ተከላካይ

መልስ፦

ወንድሜ፣

በፊርማህ ስቄያለሁ። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ መቀለድ የሚችል ልጅ ደስ ይለኛል።

ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ስላልጠራህ አገር በሰፊው ነው የጻፍከው፦ ስለ ማሊያው፣ ስለ ክልሉ ምርጫ፣ ስለ ዝርዝሩ፣ ስለ ተቀያሪው ልጅ፣ ስለ አሰልጣኙ። ስለጠራህ አገር የጻፍከው ግን ደዋዩ ያለህንና የአባትህን እንባ ብቻ ነው። ያን ቡድን ሲጫወት አይተኸው ታውቃለህ? ሲያሸንፍ ደስ ብሎህ ያውቃል? ስልኩን ዘግተህ፣ አባትህ ገና ሳይሰማ፣ ብቻህን በነበርክባት ጊዜ ምን ተሰማህ? ደስታ ነበር ወይስ «አያችሁ!» የሚል ነገር?

መልሱን ለእኔ መላክ የለብህም። ለራስህ ግን ያስፈልግሃል። አሁን እጅህ ላይ ያሉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ «ለምን አልተጠራሁም?» እና «ለማን መጫወት እፈልጋለሁ?»። ተቀላቅለውብሃል። የእኔ ስጋት በመጀመሪያው ንዴት ሁለተኛውን እንዳትመልስ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ዲሴምበር ላይ እንደተወለድክ በጨረፍታ ጽፈህ አልፈሃል። እኔ እዚያ ላይ ቆምኩ። በብዙ አገሮች የታዳጊዎች ዕድሜ የሚከፈለው ከጃንዋሪ 1 ተነስቶ ነው። ስለዚህ አንተና ጃንዋሪ ላይ የተወለደው ልጅ በወረቀት እኩያ ናችሁ፤ እሱ ግን አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ በቀረው ጊዜ ይበልጥሃል። በ14 እና በ15 ዓመት ይህ ብዙ ነው። ቁመቱ፣ ጉልበቱ፣ ፍጥነቱ ሁሉ ይለያል። በታዳጊ ቡድኖች ምርጫ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ደጋግመው ያሳዩት ይህንኑ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ተጨናንቀው ይመረጣሉ፤ በመጨረሻዎቹ ወራት የተወለዱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ነገሩ እዚያም አያበቃም። የተመረጠው ልጅ የተሻለ አሰልጣኝና የተሻለ ጨዋታ ያገኛል። በዓመቱ እውነትም የተሻለ ሆኖ ይመጣል። መልማዩም «ድሮም ብዬ ነበር» ይላል። አንዴ ዝርዝር ውስጥ የገባ ስም ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። ተቀያሪው ጓደኛህም የተጠራው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል። እሱን አትቀየመው፤ ዝርዝሩን የጻፈው እሱ አይደለም።

የቤልጅየም ፌዴሬሽን ይህን ችግር አይቶ ሰውነታቸው ዘግይቶ ለሚጎለብት ታዳጊዎች ለብቻ ቡድን አቋቁሟል። ሁሉም አገር እንዲህ አያስብም። እና «ሰውነትህ ይጠንክር» የሚለው መልስ ሙሉ በሙሉ ሰበብ ላይሆን ይችላል። ግን ዓመቱን ሙሉ እሱኑ እየደጋገሙ መመለስ እኔንም ያናድደኛል። ልጁ ምን ያድርግበት?

አሰልጣኝህን እንደገና ጠይቀው፤ ጥያቄውን ግን ቀይረው። «ለምን አይጠሩኝም?» ስትለው ሊያጽናናህ ይሞክራል። «በእኔ ቦታ ከሚጠሩት ልጆች ምን ይጎድለኛል? የብሔራዊ ቡድን ሰዎች ዘንድሮ ስለ እኔ ጠይቀውህ ያውቃሉ?» በለው። ሁለተኛው ጥያቄ መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። «አይ» ካለህ ያማል። ቢሆንም ዝርዝር በወጣ ቁጥር ስልክ ይዞ ከመቀመጥ ይሻላል።

ስለ ስምህ ያልከውን ዘልዬ አላልፈውም። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ከአንድ ደብዳቤ ተነስቶ ቁርጡን የሚነግርህ ሰው ካለ አትመነው። እንዲህ ብለህ ማሰብህ ግን ሰበበኛ አያደርግህም። እኔን ያሳሰበኝ ብቻህን ይዘኸው መዞርህ ነው። ክለቡ ውስጥ የምታምነው ትልቅ ሰው የለም? እንዳንተ ዓይነት ስም ይዞ በዚያው መንገድ ያለፈ ተጫዋችስ? እናትህስ? «ራስህ ወስን» ብላ ዝም ያለችው ግድ ስለሌላት አይመስለኝም። አባትህ በአንድ በኩል እየገፋ እሷም በሌላ በኩል እንዳትገፋህ ፈርታ ይሆናል። ማታ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ «አንቺ ምን ታስቢያለሽ?» በላት። ስለ ስሙም ጉዳይ ንገራት። ሰው አገር መጥታ ልጅ ያሳደገች ሴት ይህን ሐሳብ ካንተ በፊት ደጋግማ ሳታስበው አትቀርም።

በ17 ዓመት አለመጠራት ቁርጥ ፍርድ እንዳልሆነ የንጎሎ ካንቴን ታሪክ አይተህ መረዳት ትችላለህ። ወላጆቹ ከማሊ ናቸው፤ እሱ ተወልዶ ያደገው ፈረንሳይ ነው። በታዳጊ ደረጃ ለፈረንሳይ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ትንሽ ነው እየተባለ በታችኛው ሊግ ቆየ። ለዋናው ቡድን የተሰለፈው በ2016 ነው፤ 25 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት። በ2018 የዓለም ዋንጫን አነሳ። ይህን የምነግርህ «ጠብቅ፣ አንተም ካንቴ ትሆናለህ» ልልህ ፈልጌ አይደለም። ጠብቀው ጠብቀው ሳይጠሩ የቀሩት እጅግ ብዙ ናቸው፤ ስማቸውን ስለማናውቅ ነው የማንጠቅሳቸው።

አሁን ወደ ደንቡ እንግባ፤ እንቅልፍ ከነሱህ ነገሮች ግማሹ እዚህ ጋ ይቀልልህ ይሆናል። «በሩ ለዘላለም ይዘጋብኛል» ብለሃል። እንደዚያ አይደለም።

የታዳጊ ቡድን የወዳጅነት ጨዋታ ከማንም ጋር አያስርህም። ማጣሪያው ግን ይፋዊ ውድድር ነው። እሱን ከተጫወትክ በፊፋ ዘንድ የዚያ አገር ተጫዋች ትሆናለህ። ያም ሆኖ መቀየር ይቻላል። የመጀመሪያውን ይፋዊ ጨዋታ በተጫወትክበት ዕለት የሌላኛው አገር ዜግነት ቀድሞ ከነበረህ፣ ለፊፋ አመልክተህ ወደዚያኛው መዛወር ትችላለህ። አንተ ደግሞ የተወለድክበት አገር ዜግነት ከልደትህ ጀምሮ አለህ። ስለዚህ ለወላጆችህ አገር ከ20 ዓመት በታች ማጣሪያ መጫወትህ ብቻውን ያኛውን በር አይዘጋውም። መዛወር የሚፈቀደው ግን አንዴ ብቻ ነው። «ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ» የለም።

ዋናው ቡድን ላይ ሲደርስ ነገሩ ይጠብቃል። ስፔን የተወለደውን የሞሮኳዊ ልጅ፣ የአጥቂውን የሙኒር ኤል ሃዳዲን ታሪክ ፈልገህ አንብበው። በ2014፣ በ19 ዓመቱ፣ ለስፔን በአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ተቀይሮ ገባ። የተጫወተው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ስፔን በዋናው ቡድን አላሰለፈችውም። በ2018 ለሞሮኮ በዓለም ዋንጫ ለመጫወት ሞክሮ በስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ተረታ። ያቺ ሩብ ሰዓት ዓመታት አስከፈለችው። ለሞሮኮ መጫወት የቻለው ፊፋ በ2020 ደንቡን ካላላ በኋላ፣ በ2021 ነው። አሁን ያለው ደንብ እንዲህ ይላል፤ 21 ዓመት ሳይሞላህ በዋናው ቡድን ከሦስት ያልበለጠ ጨዋታ ከተጫወትክ፣ ከመጨረሻው ጨዋታህ ወዲህ ሦስት ዓመት ካለፈ፣ በዓለም ዋንጫም ሆነ በአህጉር ዋንጫ የመጨረሻ ውድድር ላይ ካልተሰለፍክ፣ መዛወር ይፈቀድልሃል። ከዚያ ካለፈ አበቃ።

እንግዲህ ደዋዩ ያጓጓህ «ዋናው ቡድን ሩቅ አይደለም» በምትለው አነጋገር ነው። ጠንቀቅ ማለት ያለብህም እሷው ላይ ነው። አንዳንድ ፌዴሬሽን ወጣቱን ቶሎ ብሎ ዋናው ቡድን ውስጥ የሚያስገባው ሌላ አገር እንዳይወስድበት ነው። ካሰረው በኋላ ይረሳዋል። የአንተው ደዋይ እንዲህ ያለ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። የከ20 ዓመት በታቹን ጥሪ እሺ ብትል እንኳ የዋናውን ቡድን እሺ እንዳላልክ ግን ልብ በል። ያ ጥሪ ሲመጣ እንደ አዲስ ተቀምጠህ ታስብበታለህ።

አንድ ሌላ ነገር። ፓስፖርቱን ገና አላወጣህም። ቅጹን ከመሙላትህ በፊት የሁለቱንም አገሮች የዜግነት ሕግ አጣራ። ሁለት ዜግነት የማይፈቅዱ አገሮች አሉ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። የወላጆችህ አገር እንዲህ ከሆነ፣ ያኛውን ለማግኘት ይሄኛውን መተው ሊመጣብህ ነው። ያኔ ጉዳዩ ከኳስ አልፎ ሥራህን፣ ትምህርትህን፣ መኖሪያህን ይነካል። ሁለት ዜግነት የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ዜግነቱን ያገኘህበት ቀን የተጻፈበት ሰነድ ያዝ። ፊፋ ቀኑን ያያል። ይህን ለመጠየቅ የዜግነት ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ዘንድ አንዴ መሄድ ይበቃል፤ አባትህን ይዘኸው ሂድ። ስሜቱን ወደ ጠቃሚ ሥራ ማዞሪያም ይሆንለታል።

ስለ ደዋዩም ትንሽ። ትክክለኛ ጥሪ በጽሑፍ ነው የሚመጣው፤ ለክለብህም ይደርሳል። በዋትስአፕ መጀመሩ ነውር የለውም፤ ብዙው ነገር እንደዚያ ይጀመራል። በዋትስአፕ ብቻ ከቀጠለ ግን ጠርጥር። የፌዴሬሽኑን ቢሮ ራስህ ፈልገህ ደውልና ሰውየው የእነሱ መሆኑን ጠይቅ። ለጥሪው፣ ለፓስፖርቱ «ማፋጠኛ» ወይም ለሌላ ነገር ገንዘብ ካነሳ ስልኩን ዝጋ።

ሁለት ሳምንት ስለተባለው፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ፌዴሬሽኑም የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ከእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ዕድሜ ልክ የሚያስር ውሳኔ አይወጣም፣ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው ትንሹ ውሳኔ ነው። ሄጄ ልያቸው ወይስ አልያቸው?

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ክለብህ ከፈቀደ፣ ሂድና እያቸው። ዝግጅቱንና የወዳጅነት ጨዋታውን ብቻ። አንድም አያስርህም። የማጣሪያውን መልስ ከዚያ በኋላ ትሰጣለህ። እዚያ ስትሆን ደግሞ ጨዋታውን ብቻ አትይ። አሰልጣኙ ስለ አንተ አጨዋወት አይቶ ያወቀው ነገር አለ ወይስ በሌላ አገር ማደግህ ብቻ ነው የሳበው? ብትጎዳ የሚያክምህ ማነው? ስትመለስ ክለብህ ውስጥ ቦታህን ታገኘዋለህ? ማታ ምግብ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ትቀመጣለህ?

ቋንቋው ያስፈራሃል። ልክ ነህ፣ መጀመሪያ ላይ ከባድ ነው። ግን ብቻህን የምትሆን አይመስለኝም። በ2022 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰውን የሞሮኮ ቡድን አስታውስ፤ ከ26ቱ ተጫዋቾች 14ቱ የተወለዱት ከሞሮኮ ውጭ ነው። ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ኔዘርላንድስ፣ ቤልጅየም ያደጉ ልጆች ናቸው ከዚያ የደረሱት። ይልቅ ሌላ ነገር አስብ። እዚያ ቡድን ውስጥ እስካሁን የግራ ተከላካይ የነበረ ልጅ አለ። አንተ ስትመጣ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ወይም ከዝርዝሩ የሚወጣው እሱ ነው። ምን እንደሚሰማው ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በመጀመሪያው ቀን ቀድመህ ሰላም በለው።

አገር መቀየር ዋስትና እንዳልሆነም ልንገርህ። ጌዲዮን ዘላለምን ሰምተህ ይሆናል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ፣ አሜሪካ ያደገ፣ ለጀርመን ታዳጊ ቡድኖች የተጫወተ፣ በአርሰናል ስሙ የገነነ አማካይ ነው። አሜሪካን መረጠ፤ ፊፋም በ2015 ፈቀደለት። በዚያው ዓመት ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ተጫወተ። ከዚያ ከባድ የጉልበት ጉዳት መጣ፤ በዋናው ቡድን አልተሰለፈም። ምርጫው ስህተት ነበር ማለት ነው? አይመስለኝም። የሚፈልገውን ማሊያ ለብሶ የዓለም ዋንጫ ተጫውቷል። ያ ለአንተ ይበቃሃል ወይስ አይበቃህም? ዋናው ቡድን ባይመጣ እንኳ «ደስ ይለኛል» የምትለው የየትኛውን ማሊያ ነው? ከሁሉም በላይ እንድታስብበት የምፈልገው ጥያቄ ይሄ ነው።

የጓደኛህ ቀልድ እንቅልፍ ነስቶሃል። እስቲ ልክ ነው እንበል። እዚህ ስላልፈለጉህ ነው የምትሄደው። ነውሩ ምኑ ላይ ነው? የማያሰልፈውን ክለብ ትቶ ወደሚያሰልፈው የሄደን ተጫዋች ማንም «ምስኪን» አይለውም። መፈለግ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ እሱ ለመሄድ ይበቃል እንጂ ለመቆየት አይበቃም። ዝናብ እየዘነበ፣ ሜዳው ጭቃ ሆኖ፣ በሦስት ጎል እየተመራችሁ እንድትሮጥ የሚያደርግህ ሌላ ነገር ያስፈልግሃል። «በእነዚህ ላይ ጎል ላግባ» የሚለው ምኞትም እንደዚሁ ነው። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እመኘው ነበር። ግን ሁለቱ አገሮች ጭራሽ ላይገናኙ ይችላሉ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር በምን ስሜት ልትጫወት ነው?

አባትህን በተመለከተ፣ እንባው ትእዛዝ አይደለም። የራሱ ናፍቆት ነው። ለአጎቶችህ መደወሉ ግን ጫና መሆኑ አይካድም፤ ይህን ልትነግረው ትችላለህ። «አባዬ፣ ደስ ስላለህ ደስ ብሎኛል። ገና አልወሰንኩም። እስክወስን ለዘመድ አትንገርብኝ» ብትለው መናቅ አይሆንም። ስፔን ስለተወለዱት፣ ወላጆቻቸው ጋናውያን ስለሆኑት ስለ ዊሊያምስ ወንድማማቾችም ንገረው። ኢኛኪ ለጋና፣ ታናሹ ኒኮ ለስፔን፤ በ2022 በአንድ የዓለም ዋንጫ ላይ ሁለቱም ነበሩ። ከአንድ ቤት የወጡ ልጆች ናቸው፤ አንዳቸውም ቤተሰቡን አልካዱም።

ለደዋዩ ምን እንደምትጽፍ ከቸገረህ እንዲህ በለው፦

«ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥሪው በጽሑፍ ለእኔም ለክለቤም ቢደርስ ደስ ይለኛል። ክለቤ ከፈቀደ በዝግጅቱና በወዳጅነት ጨዋታው ላይ ለመገኘት እፈልጋለሁ። ስለ ማጣሪያ ጨዋታዎቹ ቡድኑን ካየሁና የዜግነት ጉዳዬን ካጣራሁ በኋላ እመልሳለሁ። በዚህ ካልተስማማችሁ አሁኑኑ ብትነግሩኝ እመርጣለሁ።»

ይህን አይቶ የሚቆጣ ከሆነ፣ እዚያ ሄደህ ሊጠብቅህ የሚችለውን ነገር ከወዲሁ አሳይቶሃል። ከመላክህ በፊት ግን ለአሰልጣኝህ ንገረው፤ ከሌላ ሰው ከሰማው ይቀየምሃል።